እናቷን ለስኮላርሺፕ ገደለች የተባለችው ፀጉር ሠሪ

ሰፈሩ የሚያወራው አንድ ወሬ ነው፤ ፀጉር ሠሪዋ ልጅ ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ ማመልከቻዋ ላይ እናቷን ገድላ፣ በእንባ ስኮላርሺፕ አግኝታ ሻንጣዋን ሸክፋለች። ወሬው ከዳቦ ቤቱ ተነሥቶ ታክሲ መያዣው ጋ ሲደርስ አባቷም ተቀብረው ነበር። ትንሽ ቢገፋ ኖሮ ሰፈሩም ባዶ በቀረ።

ለማመን ግን ያስቸግራል። ሟቿ ትናንት ረፋድ ላይ ከሽንኩርት ሻጩ ጋር ስትከራከር ድምፅዋ እስከ አስፋልቱ ማዶ ይሰማ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው እዚያው ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ልጅቷን ኮሌጅ ኬሚስትሪ እንድትማር ተቀብሏታል፤ ክፍያው ግን የሚቀመስ አይደለም። ስኮላርሺፑ ካልተገኘ ትምህርቱ ቀረ ማለት ነው። ማመልከቻው «ጥንካሬሽንና ልምድሽን ግለጪ» ሲላት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ፀጉር እሠራለሁ። ሰው አላስቀይምም።» በቃ።

ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጡት ጡረተኛ መምህርት አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይኼ ማመልከቻ ነው ወይስ የበር ታፔላ? ያ ጭንቅላት የሚያቃጥል ቀለም የመጣ ጊዜ፣ ተቆርጦ በወደቀ ፀጉር ላይ እየሞከርሽ፣ መጠኑን እየቀነስሽ፣ ስንታችንን ከመላጣነት ያዳንሽን አንቺ አይደለሽ?»

«እሱማ ሥራዬ ነው፣ እትዬ። ሥራ ይጻፋል እንዴ? ጉራ ይሆንብኛል።»

«ጻፊው እንጂ!»

«እሺ» አለች። አልጻፈችም።

ፀጉሯን በቢጎዲን አስጠቅልላ የተቀመጠችው እናቷ ጣልቃ ገባች።

«ለምን እኔን አትገድይኝም?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ወረቀት ላይ ነው እኮ! ሰዎቹ የሚያሳዝን ነገር ይወዳሉ አሉ። ዕድሜ ልኬን ልሙትልሽ ስልሽ ኖሬ አሁን ይቆጨኛል? ብቻ በረጅም ሕመም አታድርጊው፤ ሐኪም ቤት አልወድም።»

«እማዬ፣ በፈጠረሽ አታሟርቺ! አንቺን ገድዬ የምማረው ትምህርት ይቅርብኝ።»

ይህን መልስ ግን በር ላይ ተራ ስትጠብቅ የነበረች አንዲት ደንበኛ አልሰማችም። «አትገድይኝም» እና «ወረቀት ላይ» የሚሉትን እንደሰማች ተራዋን ጥላ ከንፋ ነበር።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ማዶ ተቀመጡ። መሐል ያለው ሰውዬ ደግ ነበር።

«ፀጉር ትሠሪያለሽ። ጎበዝ! እስቲ ሥራሽ ላይ ያጋጠመሽን አንድ ችግር እንዴት እንደፈታሽው ንገሪን።»

ቀለሙም፣ የወደቀው ፀጉርም፣ መለኪያ ማንኪያውም ተግተልትለው ምላሷ ጫፍ ድረስ መጡ። እዚያ ቆሙ። ሰው ባመሰገናት ቁጥር «ኧረ ምን ተሠራና» ማለት የለመደ ምላስ በአንድ ጠዋት እንዴት ይታጠፍ?

«ኧረ ምንም ችግር የለም» አለች ፈገግ ብላ። «ደንበኞቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው።»

«አንቺ የሠራሽውስ?»

«እኔማ ምን እሠራለሁ? እነሱ ናቸው የሚረዱኝ።»

ሰውየው ሊያናግራት ደጋግሞ ጠየቀ፤ እሷ ደግሞ በጠየቃት ቁጥር ጨዋነቷን ጨመረች። እያነሰች፣ እያነሰች ሄዳ መጨረሻ ላይ ወንበሩ ባዶውን የቀረ መሰለ። ጥፍሯ ሥር የቀረውን ቀለም እንዳያዩባት እጆቿን ጠረጴዛው ሥር ደብቃ ነበር። ምን ማለት እንደነበረባት ታውቃለች፤ አፏ ነው እምቢ ያላት።

በወሩ ያቺ ወሬኛ ደንበኛ፣ የነዛችውን ወሬ ራሷም አምናው፣ ፀጉሯን ልትታጠብ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ልጅቷን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ለእናትሽም ነፍስ ይማር። በረራው መቼ ነው?»

«እናቴ አልሞተችም። አልገደልኳትም። ስኮላርሺፑንም አልሰጡኝም፤ የትም አልሄድም። አንገትሽን ወደ ኋላ አድርጊ፣ ውኃው እየቀዘቀዘ ነው።»