ከኮከቡ እሳት የተመለሰችው ካፒቴን

በላሊበላ ፊልም በአማርኛ መተርጎም የጀመረ ማን ነው ብትሉ፣ እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደሉን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተደግፌ ሌሎች ሲማሩ ሰምቼ፣ እንግሊዝኛውን ከቱሪስት አፍ ለቅሜ ነው የያዝኩት። ገበያው አጠገብ ያለው ቪዲዮ ቤት ሲከፈት ከቴሌቪዥኑ ጎን ወንበር የተሰጠኝ እኔ ነኝ። ሰዉ የሚያለቅሰው ፈረንጁ ሲናገር ሳይሆን እኔ ስናገር ነበር። ከኩልመስክ ለገበያ የመጡ ገበሬዎች አህያቸውን አስረው ሲሰሙኝ ይውሉ ነበር።

ከተረጎምኳቸው ሁሉ የምወደው በከዋክብት መካከል ስለምትጓዝ መርከብ የሚተርከውን ተከታታይ ፊልም ነው። የመርከቧ ካፒቴን ሴት ናት። በመጨረሻው ክፍል ሰዎቿን ለማትረፍ ብቻዋን ወደሚነድ ኮከብ ገባች፤ ስክሪኑ ነጭ ሆነ፤ አለቀ። ሰዉ ሞተች አለ። እኔ ግን ተነስቼ «አልሞተችም! ከሞተች ከዚህ ወንበር እወርዳለሁ፤ ተዝካሯንም እኔ አወጣለሁ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ባለ ቪዲዮ ቤቱ ባየኝ ቁጥር፣ «ጋሼ፣ ጠላው ተጠነሰሰ ወይ? ሴትዮዋ እኮ ተዝካር ሳይወጣላት ቀረች» ይለኛል። ሌላ ክፍል አልወጣም። እየሳቅሁ አልፈዋለሁ፤ ወንበሩ ግን እንደ ድሮው አይመቸኝም ነበር።

ዘንድሮ የገና እንግዶች ሲበተኑ፣ ሆቴል የምትሠራው ልጄ በፌስታል የተቋጠሩ ስስ መጻሕፍት ይዛልኝ መጣች።

«አባዬ፣ የላከልዎ ያ ስለ ፊልሙ ያጫወቱት እንግዳ ነው። ለአባትሽ ስጪልኝ ብሎ ሄደ።»

ፌስታሉን ፈታሁ። ሽፋኑ ላይ መርከቧ! ፊልሙ ካቆመበት የሚቀጥል ታሪክ፣ ሁሉም በሥዕል፣ ንግግሩ ከሰዎቹ አፍ አጠገብ በነጭ ክብ ውስጥ ተጽፎ። ፊልሙ እየሮጠ ያሳለፈብኝን ሁሉ እዚህ ቆሞ አገኘሁት፤ የመርከቧን ማድቤት፣ ሠራተኞቹ የሚተኙበትን ጠባብ አልጋ፣ የካፒቴኗን እናት ቤት። አንዱ ገጽ ላይ ምንም ቃል የለም። ጨለማ ብቻ፣ በጨለማው መካከል የጤፍ ቅንጣት የምታህል መርከብ። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ በቀላሉ አልደነቅም። ወረቀት እንዲህ ጥልቅ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ካፒቴኗን ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ አገኘኋት። በሕይወት አለች! እልል ልል ስል ፊቷን አየሁ። በጎን ነው የተሣለችው፤ አንድ ዓይን። ገለጥኩ፤ አንድ ዓይን። አሁንም ገለጥኩ፤ አንድ ዓይን።

በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ይመለከትሃል፤ ክፉው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። እሳቱ ውስጥ ነፍሷን ሸጣለች ማለት ነው። ይህ ከሞት የባሰ ነው! በስንት ሰው ፊት «ታማኝ ናት» ብዬ ተርጉሜላታለሁ። ቀሪውን ለማንበብ አቅም አጣሁ።

መጻሕፍቱን በጋቢዬ ሸፍኜ ወደ ወዳጄ ሄድኩ። መሪጌታ ናቸው፤ እየጾሙ ብራና ላይ ቅዱሳንን ሲሥሉ የኖሩ። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡ።

«ይቺ ማን ናት?»

«የመርከቧ ሐኪም።»

«አንድ ዓይን። ይሄስ?»

«ምግብ አብሳዩ።»

«አንድ ዓይን። ይሄ ጨቅላስ?»

ጠጋ ብዬ አየሁት፤ እሱም አንድ ዓይን።

«አያ፣ ይቺ መርከብ የጫነችው ሰይጣን ብቻ ነው እንዴ? ፈረንጁን በእኛ ሕግ እየዳኙት እኮ ነው! እዚህ መጽሐፍ ላይ ሰው በጎን የሚሣለው ወደሚያየው ነገር ስለዞረ ነው።»

«ታዲያ እሷ ምን እያየች ነው?»

«ይግለጡታ!»

ለእኔ ዓይነቱ አስተዋይ አንድ ቃል ይበቃዋል። ከታየችበት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ዓይኗ ወደሚያይበት ተከተልኩ። በመርከቧ መስኮት ጥግ ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ አለች፤ አገሯ ናት። ገጹ በተገለጠ ቁጥር ነጥቧ ታድጋለች፤ እኔ ሳላያት አልፌያት ነበር። በመጨረሻው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የእናቷ በር ተከፈተ፤ ካፒቴኗም ወደ እኛ ዞረች። ሁለት ዓይን። ትልልቅ፣ ልክ መሪጌታ እንደሚሥሏቸው።

መሪጌታ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ይህን የሣለው ሰው ጾሞ ነው» አሉ።

እንግዲህ ያደረግኩት ይህ ነው። ካፒቴኗን ከተዝካር አዳንኩ። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥኑን አስጠፍቼ፣ መጻሕፍቱን ገጽ በገጽ እያሳየሁ ለሰዉ ተረጎምኩ። ቃል የሌለው ገጽ ላይ ስደርስ ዝም አልኩ፤ ሰዉም አብሮኝ ዝም አለ። መሪጌታን ቪዲዮ ቤት አስገባሁ። ባለ ቪዲዮ ቤቱ በራሱ ወጪ ጠላ እንዲያስጠምቅ አደረግኩ፤ ለእንኳን ደህና መጣሽ። ወንበሬም ላይ አለሁ።