የኦቦ ለሚ ደወል

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ፣ ሰበታ ውስጥ አጥር የምንጋራቸው ኦቦ ለሚ የሚባሉ ዓይነ ስውር ጎረቤት ነበሩን። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ስለሚኖሩ የቴክኒክ መምህር የነበረው አባቴ ገመድ አልባ ደወል ገዝቶ ሰጣቸው። መጫኛ ቁልፏን አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሏታል፤ የምትጮኸዋ እኛ ሳሎን ተሰክታለች። ስትጮህ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። ኮቴዬን ሲሰሙ «ኢንተላ ኮ፣ መጣሽ?» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከኪሳቸው የተቆላ ሽምብራ ይዘግኑልኛል።

አንድ ክረምት የደወሏ ድምፅ እየሰለለ መጣ፤ አንዳንዴም ጭራሽ ዝም ትላለች። አባቴ ለሥራ ሆለታ ሄዷል። ከሥሩ ሳልጠፋ ብየዳ ለምጄ ስለነበር እኔው ፈታኋት። «ምንም ከመንካትሽ በፊት ኃይሉን ለኪ፤ እየጮኸች ሳለ ስንት ቮልት እንደሚደርሳት እዪ» ይለኝ ነበር ሁልጊዜ። ቀይ መብራቷ በርቶ ሳየው ግን፣ ኃይል አላት፣ ምን ያስለካል አልኩ። የብየዳውን ካውያ አግዬ፣ ከመጫኛዋ የሚላከውን ሞገድ የምትቀበለውን ክፍል ነቀልኩ። ልመልሳት ስል የሰርኪቱ መስመር ተቃጥሎ ተላጠ። ሽታው እስኪወጣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ክዳኗን ገጥሜ ቦታዋ መለስኳት። መብራቷ እንደበራ ነው። ለኦቦ ለሚ «ተሠርታለች» አልኳቸው። መረቁኝ።

በማግስቱ ምሳ ስንበላ ከባድ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ሲያባራ እናቴ የሰው ማቃሰት ሰማች። ኦቦ ለሚ ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው ወድቀው፣ ጭቃ ውስጥ በስብሰው፣ መጫኛዋን እንደጨበጡ አገኘናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል።

አባቴ እንደተመለሰ ቮልት መለኪያውን አውጥቶ ለካ። ከሶኬቱ ኃይል የሚያቀብላት፣ አምስት ቮልት መስጠት የነበረበት አዳፕተር ሦስት እንኳ አይሞላም። «ደወሏ ደህና ነበረች፤ አዳፕተሩን መቀየር ብቻ ነበር» አለ። ከዚያ የተቃጠለውን አየ። እኔንም አየኝ። «ሄደሽ ንገሪያቸው» አለኝ።

የሄድኩት ልጃቸው ጫልቱ ወደ ቡራዩ ልትወስዳቸው የመጣች ቀን ነው። እጄን ያዙኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ደጋግሜ ተጫንኳት እኮ። ዝናቡ እስኪያባራ ቤት አልነበራችሁም?»

«አልነበርንም» አልኳቸው።

«እኔም ብያለሁ» ብለው እጄን ሳሙት።

ዛሬ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን እጠግናለሁ። ቮልቴጅ ሳልለካ ካውያ አላነሳም፤ ባልደረቦቼ ጥንቃቄዬን ያደንቃሉ። ከየት እንደተማርኩት ጠይቀውኝ ነግሬያቸው አላውቅም።

ዓምና ቡራዩ ድረስ ሄጄ ጫልቱን ፈለግኋት። ኦቦ ለሚ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ እንደገና ቆመው አልሄዱም። «ቤት ብትኖር ኖሮ በሩጫ ትደርስልኝ ነበር እያሉ ያነሱሽ ነበር» አለችኝ። ያኔ ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

«ለእሳቸው ብትነግሪያቸው እኮ ስቀው ይተዉሽ ነበር» አለች።

በልጅነቴ እንዳይጠሉኝ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ዛሬ የማንንም ቁጣ ችዬ ማሳለፍ እችላለሁ። ያን ሳቅ ግን ከማን እቀበለዋለሁ?