ጣሪያ ለማሰር ወደ ሳቫና

ዓርብ ጠዋት፣ ስኮትዴል (አትላንታ ዳር)

ከአትላንታ የተነሳነው ጣሪያ ለማሰር ነው። ወዳጄ ዘውዱና ባለቤቱ ሮማን ከሳቫና አለፍ ብሎ ባሕሩ ዳር ቦታ ገዝተው ቤት ያሠሩ ነበር። ሮማን አሰብ ተወልዳ ያደገች የባሕር ልጅ ናት። ዘውዱ የደብረ ብርሃን ሰው ስለሆነ ከገንዳ የሰፋ ውሃ ሁሉ ያስፈራዋል። ቦታው ላይ የነበረውን አሮጌ ቤት ከዓመታት በፊት ሃሪኬን የሚሉት የባሕር ማዕበል ጠራርጎ ወስዶት፣ የተረፈው የሲሚንቶ ደረጃ ብቻ ነበር። ዘውዱ ያንን ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ካየ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። በብዙ ክርክር የተስማሙት፣ ነፋስ የሚችል ቤት በልካቸው ሊያሠሩ፣ የመጀመሪያውን ማዕበል ካልቻለ ደግሞ ቦታውን ሊሸጡ ነው።

"የሰው እጅ አንሶናል፤ ድረሱልን" ብሎ ዘውዱ ሲደውል፣ ኮሌጅ ፓርክ የሆቴል ቫን ከምነዳበት ሥራዬ ኦፍ ጠየቅሁ። ጋሽ ደምሴም አብረውኝ ተነሱ። ጋሽ ደምሴ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው፤ ስልሳን ቢያልፉም መዶሻ ሲያዩ እጃቸውን ይበላቸዋል።

ከሜከን በኋላ

እስከ ሜከን መንገዱ ጭነት መኪና ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ይላል፤ ግራ ጥድ፣ ቀኝ ጥድ። ጋሽ ደምሴ እንዳላንቀላፋ ብለው ዳዊት ሲደግሙልኝ እሳቸውን እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ቤንዚን ልንቀዳ ከቆምንበት አጠገብ አንዲት ሴትዮ ከነቅርፊቱ የተቀቀለ ለውዝ ትሸጣለች። አንድ ከረጢት ገዛን። ትኩስ፣ ጨዋማና ለስላሳ ነው፤ ባቄላ እንጂ ለውዝ አይመስልም።

"ወዴት ናችሁ?" አለችኝ።

"ወደ ባሕሩ።"

"ሬዲዮ አልሰማችሁም? ማዕበል እየመጣ እኮ ነው።"

ለጋሽ ደምሴ ስተረጉምላቸው ለውዛቸውን እየፈለፈሉ፣ "እንግዲያው ፈጠን ብለህ ንዳ፤ ጣሪያው ሳይታሰር እንዳይቀድመን" አሉ።

ቅዳሜ፣ ጣሪያው ላይ

ቤቱ ወፍራም ምሰሶዎች ላይ ቆሟል፤ በሥሩ ሰው ሳያጎነብስ ያልፋል። ጣሪያው በአራቱም በኩል ያዘቀዝቃል፤ ነፋስ ደረቱን ሰጥቶ የሚገፋው ቀጥ ያለ ፊት የለውም። ግንበኛው ሚስተር ሩፎስ የዚያው ባሕር ዳር ተወላጅ፣ ድምፁ ከመጋዙ የሚበልጥ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ዘውዱ የጣሪያውን ወራጅ እንጨቶች እየነካካ፣ "ጣሪያውን ይበልጥ ብናከብደውስ?" አለው።

"ነፋስ ቤት የሚገፋ ብቻ መሰለህ? ያነሳልም" አለ ሚስተር ሩፎስ። "ጣሪያው ከግድግዳው፣ ግድግዳው ከወለሉ፣ ወለሉ ከምሰሶው ይታሰር። አንዱ ከለቀቀ ሌላውም ይሄዳል።"

ሥራችን ይኸው ነበር። እያንዳንዱን ወራጅ በብረት ማሰሪያ ከግድግዳው ጋር ማያያዝና በየቀዳዳው ሚስማር መምታት። እኔና ዘውዱ መሰላል ላይ፣ ጋሽ ደምሴ ከታች ማሰሪያ እያቀበሉ፣ ሮማን ደግሞ ከኋላችን አንድም ቀዳዳ እንዳይዘለል እየተቆጣጠረች። እኔ ሁለት ዘልዬ ኖሮ፣ "አንተ! ነፋሱ በዚህ ይግባ ብለህ ነው?" ብላ ከመሰላል አስወረደችኝ።

ለምሳ የሚስተር ሩፎስ ባለቤት አንድ ድስት ሽሪምፕ ይዛ መጣች።

"ይብሉ እንጂ፣ ጋሽ ደምሴ" አለች ሮማን።

ጋሽ ደምሴ ድስቱን አይተው አማተቡ። "የባሕር አንበጣ ነው! እኔ ዳቦው ይበቃኛል።" የሳቸውን ድርሻ ሚስተር ሩፎስ በደስታ ወሰደው።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደ አመድ ሆነ። መስኮቶቹን በኮምፖርሳቶ እየደፈንን ሳለ ፖሊስ በድምፅ ማጉያ "ውጡ!" እያለ አለፈ። የመጨረሻውን ሚስማር ዘውዱ ራሱ መታው። መሰላሉን ከምሰሶ ጋር ጠፍሮ አሰረና መኪና ውስጥ ገባ።

እሑድ፣ በትምህርት ቤት አዳራሽ

ከባሕሩ ራቅ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ለተፈናቃይ በተከፈተ ትምህርት ቤት ዋልን። ውጭ ዝናቡ ወደ ጎን ይዘንባል፤ ዛፍ ሲሰበር ይሰማል። ሮማን ባሏን ትክ ብላ አይታ፣ "ከወደቀ አልከራከርህም፤ እንሸጣለን" አለችው። ዘውዱ ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት።

ሰኞ ጠዋት

ሬዲዮው የማዕበሉ ዋና ጉልበት ወደ ባሕር መመለሱን፣ እኛን የነካን ጠርዙ ብቻ መሆኑን ተናገረ። ጠርዙም ቢሆን ቀላል አልነበረም። መንገዱ በቅርንጫፍ ተሞልቷል፤ የጎረቤቱ በረንዳ ጣሪያውን አጥቷል። ዘውዱ ከአጠገቤ የመኪናውን እጀታ ጨብጦ መንገዱ ላይ አፍጥጧል።

መታጠፊያውን ስንዞር ቤቱ እንደ ቆመ ነው! የሠራተኞቹ ተንቀሳቃሽ የፕላስቲክ መጸዳጃ ግን ከቦታው ተነስቶ ጥድ ላይ ተሰቅሏል። ጋሽ ደምሴ፣ "ያልታሰረው እሱ ብቻ ነበር!" ብለው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

ዘውዱ አልሳቀም። ቤቱን ዞረው፤ ደረጃውን ወጣ፤ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ እየነካ አየ። ሮማን በሩ ላይ ቆማ እጇን አጣምራ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ወደ ሳሎኑ ባዶ ግድግዳ ጠጋ ብሎ በእጁ መታ መታ አደረገውና፦

"ሮሚ፣ የቤቱን ስልክ እዚህ ጋ ብናስገባው ይሻላል ወይስ ወጥ ቤት?"

ሮማን "ወጥ ቤት" ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። ሚስተር ሩፎስ አማርኛ ባይሰማም ነገሩ ገብቶት ኮፍያውን አወለቀ።

ማክሰኞ፣ ወደ አትላንታ

ሲመለሱ መንገዱ ያው ጥድ ነው፤ ቀናችን ግን ብሩህ ነበር። እስከዚያ ድረስ የከበደ ነገር ጠንካራ ይመስለኝ ነበር። ለካ ክብደት ብቻውን አያድንም፤ የሚያድነው ከላይ እስከ ታች መያያዝ ነው። የወዳጆቼም ትዳር እንደዚያው ይመስለኛል። ዘውዱን ፍርሃቱ የለቀቀው አይመስለኝም፤ ግን ስልክ ያስገባል።

ስኮትዴል ደርሰን ጋሽ ደምሴን በራቸው ላይ አወረድኳቸው። ወገባቸውን ይዘው ሁለት እርምጃ ሄዱና ዞር አሉ።

"ለሚመጣው ወር ኦፍህን ከአሁኑ ጠይቅ።"

"ደግሞ ለምን ጋሼ?"

"ቀለሙ ይቀራላ!"