ኮርኒሱ ሲንኳኳ

ሹም አቦ ሰፈር ከሐጂ ኑሩ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ነው የምንኖረው፤ መሐላችን ያለው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ግንቦት ማብቂያ ላይ፣ ዝናቡ ሳይቀድመኝ ብዬ የሬንጅ ጣሳዬን ይዤ ቆርቆሮው ላይ ወጣሁ። ባለቤቴን «የሚያፈሰው ጋ ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት አንኳኪልኝ» አልኋት። «እሺ» አለችኝ።

ብዙም ሳይቆይ ተንኳኳ። የሚስማሩን መስመር እየረገጥሁ ሄጄ ቀዳዳውን ደፈንሁ። ፈንጠር ብሎ ደግሞ ተንኳኳ። ሄድሁ፤ ደፈንሁ። ለካ ቤታችን ወንፊት ኖሯል! አንዴማ ልክ ከእግሬ ሥር ጓ ሲል ሚዛኔን ስቼ ልወድቅ ነበር።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሴትዮ!» ብዬ ጮኽሁ።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ ባለቤቴ፣ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከገበያ እየገባች።

ያን ጊዜ ሐጂ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ከቤታቸው ወጡ። ሽቅብ አዩኝና፣ «አንተ ነህ እንዴ ልጄ? እኔ እኮ ጦጣ መስሎኝ ሳባርር ነው የዋልሁት» አሉኝ።

ክረምቱ ገባ። የእኛ ቤት እንደ ልማዱ ያፈሳል። የሐጂ ቤት ግን ዘንድሮ ጠብ አላለበትም።

ለምስጋና ብለው የላኩልኝ አንድ ዘለላ ሙዝ ነው።