አሰለፈችና አረንጓዴ የምታበራው ናኖ

አሰለፈች በደርግ ጊዜ ከወሎ ለሰፈራ የመጣችው በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነው። ዛሬ ከአሶሳ ወጣ ባለች መንደር ኦቾሎኒ ታመርታለች፤ ምላሷም እጇም አይሰንፍም። ምኞቷ አንድ ነበር፤ ከነጋዴው ከደባልቄ መዳፍ ወጥታ በገዛ ስሟ መሸጥ። ደባልቄ ኦቾሎኒዋን «ሻጋታ ነው» እያለ በርካሽ ይገዛትና አዲስ አበባ ሲደርስ «የአሶሳ ምርጥ» ብሎ ይሸጠዋል። መንገድ ላይ ምን ተአምር እንደሚሠራለት እሱና አምላኩ ያውቃሉ።

አንድ ቀን ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ ሰራዊት የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ኪስ የምትገባ መሣሪያ ይዞ ደጇ ቆመ።

«እትዬ አሰለፈች፣ ይህቺ ናኖ ሴንሰር ትባላለች። ውስጧ በዓይን የማይታይ የወርቅ ብናኝ አለ። ኦቾሎኒውን ወቅጠው፣ በጥብጠው ጠብ ሲያደርጉባት ጉበት የሚበላው የሻጋታ መርዝ ካለበት ቀይ ታበራለች፤ ከሌለበት አረንጓዴ።»

«ወርቅ ካለባትማ ደብቃት! እዚህ አገር ወርቅ ያለበትን ሁሉ በገበቴ ያጥቡታል» አለችው።

ሰራዊት ስለ መሣሪያዋ «የገበያ ተስፋዋ እጅግ ሰፊ ነው» የሚል ወፍራም ጥናት ጽፏል። የጎደለው ገዢ ብቻ ነበር።

አሰለፈች ግን ነገሩ ቶሎ ገባት። አረንጓዴ ከበራ ደባልቄ ምን ያደርጋል? በቀጥታ ለአዲስ አበባ የኦቾሎኒ ቅቤ ፋብሪካ ትልካለች። ሰራዊትም «ከየጆንያው ከላይም ከታችም ይዝገኑ» ብሎ አደራ ጥሎባት፣ መሣሪያዋን ትቶላት ለሥራ ወደ ማንኩሽ ከተማ ሄደ።

እንዳላትም ዘገነች። ሰፌድ ላይ ስትዘረጋው ግን የጫጨውና የጠቆረው ፍሬ ዓይኗን ወጋት። ከዚያ ሁሉ አገር ለመጣች እንግዳ ይሄ ይቀርባል? እሷ ባደገችበት ቤት ነውር ነው። ስለዚህ ፋፋ ያለውን ለቅማ፣ ገለባውን አሽታ አበጥራ፣ ወቅጣ በጥብጣ አጎረሰቻት። መሣሪያዋም እንደ ጨዋ እንግዳ የቀረበላትን ተቀብላ በየጆንያው አረንጓዴ አበራች።

ደባልቄ «ከእጅ አይሻል ዶማ!» ብሎ ሳቀ። አሰለፈች ዞር ብላም አላየችው፤ ጭና ላከች።

ፋብሪካው ከጆንያው ሆድ ዘግኖ መረመረና ጭነቱን መለሰው። ሰራዊት ከማንኩሽ ሲመለስ ራሱ ከታች አውጥቶ ሞከረ። ቀይ።

«እትዬ፣ ምን አብልተዋት ነው?»

«ምርጡን ነዋ! ታዲያ ግርዱን ላብላት?» አለችና ሳቋ መጣ። ወዲያው ግን እንባዋ ቀደማት። ያንገበገባት ኪሳራው ብቻ አልነበረም፤ ደባልቄ በውሸት የተናገረው «ሻጋታ ነው» እውነት ሆኖ መገኘቱ ነው።

ደባልቄ ለማጽናናት አልዘገየም። «አብሽሪ አሰለፈች፣ እኔ ልውሰደው። ዘይቱ ለሳሙና ይሆናል።» ሳሙና ጉበት አይነካም ብላ ሸጠችለት። እግረ መንገዱንም መሣሪያዋን ልግዛ አለ። ሰራዊት የመጀመሪያ ደንበኛውን አቅፎ ሊስመው ምንም አልቀረው። አሰለፈችም የዘመናት ቂሟን ተወችለት። ከእንግዲህ መርዝ ከአሶሳ አይወጣም፤ ሰው ለካ ይለወጣል አለች።

ቅዳሜ ለገበያ ስትወጣ በደባልቄ መጋዘን በር ላይ አይሱዙ ይጫናል። ጆንያዎቹን አወቀቻቸው፤ አፋቸውን የሰፋችው እሷ ናት።

«ጋሽ ደባልቄ፣ ይሄ ቀይ የበራው አይደለም?»

«ነው እንጂ።»

«የሳሙናው ፋብሪካ የት ነው ታዲያ?»

«የምን ሳሙና? የአዲስ አበባ ኦቾሎኒ አዟሪዎች እየጠበቁት ነው።» ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ከልቡ፣ እጇን ያዛት። «አረንጓዴ የሚበራውን እየለየሁ ለልጆቼ አስቀራለሁ። ምን እንደማበላቸው ሳላውቅ ስንት ዘመን ኖርኩ! ተባረኪ እቴ፣ ያንቺ ውለታ ነው።»

አሰለፈች «አውርደው፣ የኔ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። የሷ አልነበረም። አፈረች፤ በደባልቄ ሳይሆን በራሷ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ፤ ኦቾሎኒዋም በደባልቄ ስም ለሌላ ሰው ልጆች ሊታደል ሄደ።