የሚስቴ ድልህ

የጓሮ ምርት በጠርሙስ አሽጎ ማቆየትን በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ሙያውን ግን አንዲት የተቀዳደደች መጽሐፍ አንብቤ፣ ሃያ ጠርሙስ ቲማቲም አበላሽቼ ራሴ ተማርሁት። የግብርና ባለሙያ ሳይቀር ቤቴ መጥቶ የነገርሁትን ደብተሩ ላይ ጽፏል።

ሚስቴ ብቻ አላደነቀችኝም። ጠርሙሶቼን መደርደሪያ ላይ ስደረድር፣ «ደግሞ ዛሬ ማንን ገነዝህ?» ትለኝ ነበር። የእሷ ሙያ ድልህ ነው። የጓሯችን ቃሪያ ሲቀላ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ፈጭታ፣ ጨው አድርጋ፣ በሸክላ ማሰሮ ትከተውና ላዩ ላይ የኑግ ዘይት ታፈስበታለች። በቃ፤ አይለካ፣ አይታሸግ። እንጀራ አስነክቶ የቀመሰ ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» ይላታል።

አምና ሞተች። አዲስ አበባ የምትሠራው ልጃችን ከእናቷ ዕቃ ምንም አልፈለገችም። «ማሰሮው ውስጥ የቀረውን ድልህ ብቻ ያስቀምጡልኝ። ለሙት ዓመቷ ስመጣ እወስደዋለሁ» ብላኝ ሄደች።

ክረምቱ ሲገባ ማሰሮውን ብከፍት ዳር ዳሩን ነጭ ሻጋታ አየሁ። ደነገጥሁ። ጎረቤት ያለችው የሚስቴ እኅት መጥታ አየችው።

«ላዩን በማንኪያ ይግፈፉና ዘይት ይጨምሩበት። እሷም እንዲሁ ነበር የምታደርገው።»

«ስለ ሻጋታ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

«እንግዲያው ይገንዙት» ብላኝ ወጣች።

ድልሁን በሁለት ጠርሙስ ሞልቼ፣ እንደ ቲማቲሙ አንድ ሰዓት ተኩል ቀቀልሁት። ክዳኑ ጥብቅ አለ። ደስ ብሎኝ አደርሁ።

ልጄ ለሙት ዓመቱ መጣች። ጠርሙሱን ስትከፍተው ጧ አለ። በደንብ የታሸገ እንዲህ እንደሚጮህ ነገርኋት። እንጀራ አስነክታ ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች።

«አባባ፣ ይኼ የማን ነው?»

«የእናትሽ ነዋ።»

«ምን አደረጉት?»

«ቀቀልሁት። እንዳይበላሽ።»

እኔም ቀመስሁት። አልተበላሸም። የእሷ ግን አልነበረም፤ የተቀቀለ ቃሪያ ነው። ያ ገና ክዳኑ ሲነሣ አፍንጫ የሚመታው ሽታ የለም።

ልጄ ማሰሮውን ከጓዳ አመጣች። በቁራሽ እንጀራ ውስጡን ዙሪያውን ጠረገችው። እንጀራው ነጭ እንደሆነ ወጣ።

«አጥበውታል?» አለችኝ።

«በፈላ ውኃ» አልኋት። ይህን ሌላ ጊዜ በኩራት ነበር የምናገረው።

ማሰሮውን ታቅፋ ተቀመጠች። እኔም የምሄድበት ጠፍቶኝ መደርደሪያዬ ሥር ቆምሁ።

በዚህ ዓመት ከጓሮዬ ያቆየሁት ይህ ነው፦

ቲማቲም፣ ሠላሳ አራት ጠርሙስ።
ካሮት፣ አሥራ ሁለት።
ኮክ በስኳር፣ ዘጠኝ።
ነጭ ሽንኩርት፣ ስድስት ጉንጉን።
ድልህ፣ ሁለት ጠርሙስ፤ አንደኛው ተከፍቷል።

የተበላሸ የለም።