ለቅሶ ቤት የገባው ቲማቲም

ነገሩ የሆነው በ2010 የሁዳዴ ጾም፣ ካዛንቺስ ገና ሳይፈርስ ነው። እስከ ዛሬ ሰው ቤት ፌስታል ይዤ በገባሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምሠራው አትክልት ምርምር ላይ ነው። ያኔ ቅጠል የሚያኮማትረውን ቫይረስ እንዲቋቋም ብለን ዘረ መሉን የቀየርነው ቲማቲም ገና ሙከራ ላይ ነበር። አንዲት ፍሬ እንኳ ሰው ከበላት ወይ ዘሯ ውጪ ከወደቀ ሙከራው ይዘጋል፣ እኔም ከሥራ እባረራለሁ።

ፍሬዎቹን በፌስታል ይዤ ወሎ ሰፈር ወዳለው ላብራቶሪ ስሄድ ስልክ ተደወለልኝ። የጓደኛዬ የሰናይት አባት አርፈው ትናንት ተቀብረዋል፤ ቤታቸው ካዛንቺስ፣ መንገዴ ላይ ነው። "ከእጅሽ እንዳይለይ" ስለተባልኩ መኪና ውስጥ አልተውኩትም፣ በቃ ይዤው ገባሁ።

ድንኳኑ በር ላይ የእድሩ እትዬ ብዙነሽ "ምን አስቸገረሽ ልጄ" ብለው ፌስታሉን ተቀበሉኝ። አፌን ሳልከፍት ሰናይት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እሷን አቅፌ እያለቀስኩ ዓይኔ ግን እትዬ ብዙነሽን ይከተላል። ወደ ጓሮ ዞሩ።

እንዴት እንደተላቀቅኩ አላውቅም። ስደርስ ቲማቲሙ ታጥቦ ሳፋ ውስጥ ነው፣ ቢላዋውንም አንስተዋል።

"እትዬ፣ ይቅርታ፣ እሱን መልሼ ልወስደው ነው።"

ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች ሁሉ ቀና አሉ። ለለቅሶ የመጣ ነገር መልሶ ሲወሰድ ማን አይቶ ያውቃል? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"የምርምር ነው፣ ማለቴ... ገና አልተፈቀደም፣ አይበላም።"

"የማይበላ ነገር ለለቀስተኛ ይዘሽ መጣሽ? ልትፈጂን ነው?" አሉ። ቢላዋው አልወረደም።

ሰናይት ተከትላኝ ኖሯል። "ያ የቫይረሱ ነው?" አለችኝ፣ ድምጿ ተዘግቶ። ራሴን ነቀነቅኩ።

"ስጧት እትዬ። አባዬ መቂ ላይ የተከለው ቲማቲም በዚያ በሽታ አልቆበት ነው እርሻውን ትቶ እዚህ የመጣው። ሊሞት ሲል እንኳ 'የጓደኛሽ ቲማቲም ከምን ደረሰ?' ብሎኛል።"

እትዬ ብዙነሽ ቢላዋውን አስቀመጡ። ሰናይት ራሷ ፍሬዎቹን ወደ ፌስታሉ መለሰች። የመጨረሻዋን በመዳፏ ይዛ ቆየች።

"አንዷን ለአባዬ ላስቀርለት?"

"አይቻልም" አልኳት። መልሳ ሰጠችኝ።

ደንብ ደንብ ነው፣ ዛሬም ብትጠይቀኝ መልሴ ያው ነው። ቲማቲሙም እስካሁን ገበያ አልወጣም። የሰናይት እጅ ባዶውን መቅረቱ ግን አሁንም ያንገበግበኛል።